የተኩላው ድርሻ

በታርቱ ኅዳር ነው፤ ቀን ቶሎ ይመሻል፣
ዘጠኝ ተኩል ሳይሞላ መብራት ይፈለጋል።
የትምህርት ቤቱ አዳራሽ ሰምና እርጥብ ካልሲ ይሸታል።
እኔ ከማለዳ ጀምሬ ፒያኖው ሆድ ውስጥ አጎንብሼ፣
መቃኛዬን ጨብጬ፣ ሽቦን ከሽቦ አነካክሼ…
ዘበኛው ሄይኖ ከበሩ "ጨረስሽ ወይ?" ይለኛል፤
"ትንሽ ቀረኝ" እላለሁ።
ይህቺን "ትንሽ" ተሸክሜ ሃያ ዓመት ኖሬአለሁ።

አንዲት ሽቦ ናት ዛሬ። ስስባት ትጠብቃለች፣
ስለቃት ትላላለች፣
በጠበቀች በላላች ቁጥር እኔን ታስለፈልፈኛለች፦
ለወይዘሮ ሲልቪ ትናንት የላክሁት ደረሰኝ
ስሟ ላይ አንድ ፊደል ጎደለው መሰለኝ፤
እሁድ ደረጃው ላይ ሰው ስቆ ሲያልፍ አየሁ፣
ምን አድርጌ ይሆን እያልሁ ሦስት ቀን ከረምሁ፤
ሌሊት ስምንት ሰዓት ደግሞ፣ ከተማው ሁሉ ሲያንኮራፋ፣
ልክ ያልሆነ አንድ ቃና ትራሴ ሥር ሲለፋ።

በሰባት ዓመቴም ያው ነበርሁ፤ አንድ ፊደል ሲጣመም
ገጹን ሙሉ ስገነጥል፣ ስጥል፣ ስከምር፣
ሰኔ ሲደርስ ደብተሬ ከሽፋን በቀር ምን ነበር!

ነፍሱን ይማርና ኤልማር፣ ይህን ሥራ ያስያዘኝ፣
ጣቱ ዘይት ዘይት እያለ አንድ ቀን እንዲህ ነበር ያለኝ፦
"ከዶ እስከ ሶል ያለውን ንጹሕ አርገሽ ብትቃኚ፣
ቀጥሎም፣ ቀጥሎም ንጹሕ… ጉድሽን ነው የምታገኚ።
አሥራ ሁለተኛዋ ስትደርስ ተኩላ ሆና ትጮኻለች፤
እኅቶቿ ያልከፈሉትን ብቻዋን ትከፍላለች።
ስለዚህ ከያንዳንዷ ቅንጣት ቅንጣት ንሺ፤
ለተኩላው ድርሻውን ስጪው፤ አትሳሺ።"

እጄ ያኔ ገብቶት ነበር። ጣቴ ለሽቦ ያውቅበታል።
ከኔ ግን ማን ይቆነጥርልኛል?

ሄይኖ መጠየቅ ሰልችቶት ከልጆቹ አግዳሚ ተቀመጠ፣
ከፔርሙዙ ሻይ ቀድቶ ወደ መስኮቱ አፈጠጠ።
መቃኛዬን አስቀመጥሁ።
ጫማዬን አወለቅሁ።
ወለሉ ቀዝቃዛ ነው።
"ቀዝቃዛ ነው" አልሁ ለራሴ፤ ሌላ ትርጉም የለው።
ሦስት ድምፅ ለቀምሁ፦ ማሞቂያው ቧንቧ ውስጥ ውሃ ሲያጉረመርም፣
ሄይኖ ሻይ ፉት ሲል፣
ከደጅ ብስክሌት ሲንኳኳ። አንዱም እኔን አይመለከትም።
ከዚያ አንዷን አምስተኛ መታሁ፣ እንደ ደንቡ የጎደለችውን፤
ሰማሁት ውስጧ ቀስ ብሎ የሚወዛወዘውን፣
ዋ… ው… ዋ… ው… እንደ ተኛ ሰው ደረት።
ስንት ዓመት አባረርሁት ይህን ሞገድ፣ እንደ ስሕተት!
እጄን ሆዴ ላይ አድርጌ በሞገዱ ተነፈስሁ፦
በሁለት ሳብሁ፣
በአራት መለስሁ።
ድምፁ ሲሞት እንደገና መታሁ።
የወይዘሮ ሲልቪ ፊደል መጣች፤ "እሺ፣ ጎደልሽ" አልኋት፤
ቁጭ ካለችበት አላስነሣኋት።
ትከሻዬ ከጆሮዬ ሥር ወረደ፤
እዚያ መውጣቱን እንኳ ያወቅሁት ሲወርድ ነው።

ሽቦዋን እንዳለች ተውኋት።
"አለቀ?" አለ ሄይኖ።
"አላለቀም" አልሁት፣ "ግን እንሂድ።"
ውጭ ኤማዮጊ፣ በኛ አፍ "እናት ወንዝ"፣ ድልድዩ ሥር ይጎተታል፣
አንዱን ቅጠል ይዞ ይሄዳል፣ ሌላውን ዳር ላይ ይረሳል።
ነገ ጠዋት አንድ ልጅ፣ ባንድ እጁ ጓንት እንዳጠለቀ፣
ፒያኖዬን በክርኑ ይደልቃል እየሳቀ።

ሌሊት ስምንት ሰዓት ተኩላው ይመጣል፣ አይቀርም፤
እኔም በር አልዘጋም፣ ዱላም አላነሣም።
"ድርሻህ ይኸው" እለዋለሁ፤ ዐሥር ትንፋሽ፣ ቀስ ብሎ የሚወጣ።
አንዳንዴ በልቶ ይሄዳል፣ እንደ መጣ።
አንዳንዴ እግሬ ሥር ይተኛል፣
ጆሮውን እያከከ ያድራል።